የገንዳ እድፍ ለማስለቀቅ የቱ ይሻላል? ከሸዋሮቢት እስከ ደብረ ብርሃን

ነገሩ የጀመረው ሸዋሮቢት ውስጥ ካለ አንድ ሎጅ ነው። የመዋኛ ገንዳው መሬት ውስጥ የተቆፈረ፣ ነጭ ልስን ያለው ነው። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ስፋቱ 5፣ ጥልቀቱ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል። ደረጃዎቹ ላይ ሻይ የተደፋባቸው የሚመስል ቡናማ እድፍ ተንጣሏል። ባለቤቱ በብሩሽ አስፈትገውታል፣ በኦሞም አሳጥበውታል። ንቅንቅ አላለም።

"ልጄ፣ እንግዳው ውሃው ቆሻሻ ነው እያለ እግሩን እንኳ አይነክርም። ቶሎ አንድ ነገር አድርግልኝ" አሉኝ።

እኔም ቸኮልኩ። ገንዳውን አስደፋሁ፣ አሲድ ገዛሁ፣ ከሁለት ልጆች ጋር ግማሽ ቀን ሙሉ ስናጥብ ዋልን። እድፉ ለቀቀ። ግድግዳው እንደ አዲስ ሸማ ነጣ። ምሳ ተጋበዝን፣ ተመረቅን። ገንዳው ከግቢው ጉድጓድ ተሞላ፣ ክሎሪን ገባበት። በሦስተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። ቡናማው ተመልሷል። ይባስ ብሎ ልስኑ ሻክሯል፤ የሚዋኙ ልጆችን ጉልበት ይልጣል። እድፍ ደግሞ ሻካራ ነገር ይወዳል፣ ከበፊቱ በርትቶ ያዘ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እኔ ላይ ደረሰ።

አሁን ሰው "እድፍ ያዘብኝ፣ አሲድ ስንት ሊትር ልግዛ?" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። እድፉ ምንድን ነው? ገንዳው የሚሞላው ከየት ነው? የእነዚህን መልስ ሳያውቁ ከአማራጮቹ፣ ማለትም ከቫይታሚን ሲ፣ ከሲትሪክ አሲድ፣ ከመፋቅ፣ ከአሲድ እጥበትና ከአዲስ ልስን፣ አንዱን መምረጥ ቁማር ነው።

መጀመሪያ እድፉን መለየት

ቀለም ግማሹን ይናገራል። ቢጫ፣ ቡናማ ወይም የዝገት ቀይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው። አረንጓዴ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ መዳብ ነው፤ ሲቆይ ሊጠቁርም ይችላል። ጥቁር ወይም ወይን ጠጅ ጥቁር ከሆነ ማንጋኒዝ የሚባለውን ማዕድን መጠርጠር ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ በመዳፍ ሲዳሰስ የሚሻክር ከሆነ ካልሲየም ነው። ማንቆርቆሪያ ቂጥ ላይ የሚጋገረው ቅርፊት ማለት ነው።

ችግሩ የኒም ቅጠልም፣ የማንጎ ቅጠልም፣ ውሃ ውስጥ የሰነበተ አፈርም ቡናማ እድፍ መተዉ ነው። ስለዚህ ዓይን ብቻውን አይበቃም።

እኔ የምጠቀመው ፈተና ከፋርማሲ የሚገዛ የቫይታሚን ሲ ክኒን ነው። ነጯ ትሁን። የምትታኘከዋ ብርቱካንማ ክኒን ራሷ ቀለም ስላላት አትሆንም። የዚያ ሎጅ ደረጃ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ውሃ ውስጥ እስከ ክርኔ ገብቼ፣ ክኒኗን እድፉ ላይ አስቀምጬ በአውራ ጣቴ ተጫንኳት። አንድ ደቂቃ ያህል ቆየሁ። ጣቴን ሳነሳ ሻይ በሚመስለው እድፍ መሀል የክኒኗን ያህል ክብ ነጭ ነጥብ ወጣ። የሎጁ ባለቤት ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩና "ይህቺ ናት እንዴ!" አሉ። አዎ፣ ይህቺ ናት። ብረት ነበር። ይህን ከአሲዱ በፊት ብሠራ ኖሮ ግማሽ ቀን የፈጀው አበሳ ሁሉ ይቀርልኝ ነበር።

ክኒን ባይኖር ሎሚም ይሠራል። እናቶቻችን ነጠላ ላይ የያዘ ዝገት በሎሚ ሲያሹት አይታችሁ ይሆናል፤ ነገሩ ያው ነው።

ክኒኗ ምንም ካልለወጠች ክሎሪን ሞክሩ። ትንሽ የዱቄት ክሎሪን በጨርቅ ቋጥራችሁ እድፉ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡ። ከነጣ እድፉ የቅጠል ነው፤ ማዕድን አይደለም፤ ውድ ኬሚካል አያስፈልገውም። ክሎሪኑን ከፍ አድርጋችሁ መቦረሽ ይበቃል። ሁለቱን ፈተናዎች ግን አንድ ቦታ ላይ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አትሥሩ። ቫይታሚን ሲ ክሎሪንን ያጠፋዋል። ሎሚም ሆነ ሌላ አሲድ ከዱቄት ክሎሪን ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ለነጩ ቅርፊት ሌላ ፈተና አለ። ሰዎች ግድግዳው ላይ አሲድ ጠብ አድርገው "ፈላ፣ ካልሲየም ነው" ይላሉ። ልስኑ ራሱ ሲሚንቶና የእብነ በረድ ዱቄት ስለሆነ እሱም ይፈላል፤ ፈተናው ምንም አይነግራችሁም። ይልቅ ከቅርፊቱ ትንሽ ፍቅፋቂ በቢላ አንሱና አቼቶ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣሉት። አረፋ ካወጣ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ በቀላሉ ይለቃል። ዝም ካለ ካልሲየም ሲልኬት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግትር ነው፣ ጉልበት ይፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ዝገቱ ገንዳውን ሁሉ ሳያለብስ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ እንደ ነጥብ ወይም እንደ መስመር ከወጣ፣ ባጠባችሁት ቁጥርም እዚያው ቦታ ከተመለሰ ጥፋቱ የውሃው አይደለም። ልስኑ ሥር ያለው ፌሮ ዝጓል። እዚያ ላይ ምንም ኬሚካል ማፍሰስ ገንዘብ መድፋት ነው። ልስኑ ተፈልፍሎ፣ የዛገው ፌሮ ተጠርጎ ወይም ተቆርጦ እንደገና መለሰን አለበት። ከዚህ ሌላ መንገድ የለም። ልስኑ ከመፈልፈሉ በፊት ግን ያ የዛገ ነጥብ የተጣለ ሚስማር ወይም የፀጉር ማስያዣ የተወው አለመሆኑን አረጋግጡ። በእንዲህ ያለች ማስያዣ ምክንያት መዶሻ የተነሳበት ገንዳ አይቻለሁ።

ቆላና ደጋ አንድ አይደለም

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሸዋሮቢት ወደ 1,300። ጣርማበር ላይ ጃኬቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ መንገደኛ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋሮቢት ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል። ገንዳውም እንደዚያው ነው።

ቆላ ላይ ውሃ በፀሐይ ይተናል። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ማዕድኑ ገንዳው ውስጥ ይቀራል። የጎደለውን ስትሞሉ ሌላ ማዕድን ትጨምራላችሁ። ወር በወር እየከበደ ይሄዳል። ካልሲየም ደግሞ ከብዙ ነገር በተለየ ውሃ ሲሞቅ የመሟሟት አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ የውሃው መስመር ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። የጉድጓድ ውሃ ሲሆን ብረቱም ይታከላል።

ደጋ ላይ ተቃራኒው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ካልሲየም ይርበዋል፤ ካላገኘ ከልስኑ ላይ ይበላል። ቅርፊት ብዙም አታዩም፤ የሚታየው የተበላ፣ የተቦረቦረ ልስን ነው። በዚያ ላይ ደጋ ላይ ገንዳ ያለ ማሞቂያ አይታሰብም። የማሞቂያው ቱቦ መዳብ ከሆነና የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲድነቱ ይበረታል) ከ7 በታች ከወረደ መዳቡ እየሟሟ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን አካባቢ አረንጓዴ እድፍ ካያችሁ ከግድግዳው በፊት ማሞቂያውን ጠርጥሩ። አልጌ ለማጥፋት የሚጨመር የመዳብ ሰልፌትም ያንኑ ያደርጋል።

ቫይታሚን ሲ፦ ለብረት የመጀመሪያ ምርጫዬ

እድፉ የብረት ከሆነና ክኒኗ ካስለቀቀችው ገንዳውን መድፋት አያስፈልግም። የቫይታሚን ሲው ዱቄት፣ በኬሚካል ስሙ አስኮርቢክ አሲድ፣ የማይሟሟውን ዝገት ወደሚሟሟ ብረት ይመልሰዋል። እድፉ ከግድግዳው ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይገባል። ልስኑን አይጎዳም ማለት ይቻላል። የሚተነፍሰውንም ሰው አያንቅም። ከሁሉ በላይ ውሃችሁ አይባክንም። 75 ሜትር ኩብ ውሃ ማለት ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ ስምንት ጊዜ መመላለስ ነው።

መጠኑ ለአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከ6 እስከ 12 ግራም ነው። ለጋሼ ገንዳ ከ450 እስከ 900 ግራም መሆኑ ነው። በትንሹ ጀምሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክሎሪኑ ላይ ነው። አንድ ግራም ክሎሪን ሁለት ግራም ተኩል ያህል ቫይታሚን ሲ ይበላል። ውሃው ውስጥ በሊትር 2 ሚሊግራም ክሎሪን ካለ 75 ሜትር ኩቡ 150 ግራም ክሎሪን ይዟል። 375 ግራም ዱቄት እድፉን ሳይነካ ባከነ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ክሎሪኑ ወደ ዜሮ ይውረድ። ለዚህ የሸዋሮቢት ፀሐይ ነፃ ሠራተኛ ናት፤ ክሎሪን መጨመር አቁማችሁ አንድ ሁለት ቀን ብትጠብቁ ትጨርሰዋለች። የምትጠቀሙት ከፀሐይ የሚከላከል ነገር ያለበትን የክሎሪን ታብሌት ከሆነ ግን ከዚያ በላይ ይቆያል፤ በመለኪያ እያያችሁ ጠብቁ።

ከዚያ ፒኤቹን ወደ 7.2 አውርዱ። ፓምፑ እየሠራ ዱቄቱን በገንዳው ዙሪያ፣ እድፉ በበዛበት በኩል በርከት አድርጋችሁ በትኑት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለውጥ ማየት ትጀምራላችሁ። የጋሼ ደረጃ ሁለት ሰዓት አልሞላውም።

እዚህ ላይ ሰው ደስ ብሎት ይረሳል። ብረቱ ከግድግዳው ለቀቀ እንጂ የትም አልሄደም፣ ውሃው ውስጥ ነው። በማግስቱ ክሎሪን በገፍ ከጨመራችሁ መልሶ ይዝግና ይለጠፋል። ስለዚህ ወዲያውኑ ብረቱን ይዞ የሚያቆይ ኬሚካል ይጨመራል። ሻጮቹ "ብረት ያዥ" ወይም "እድፍ መከላከያ" ይሉታል። ክሎሪኑ ደግሞ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ፣ በመጀመሪያ በሊትር እስከ 1 ሚሊግራም ብቻ ይመለስ። ፒኤቹ ለሁለት ሳምንት ያህል ከ7.2 እስከ 7.4 መሀል ይቆይ። ማጣሪያው ይታጠብ። ክሎሪን በሌለባቸው ቀናት ሰው አይዋኝበትም፤ ለእንግዳም ይነገር።

ድክመቱም ይህ ነው። ለአንድ ሳምንት ገንዳው ዝግ ነው ብላችሁ አስቡ። ያዥ ኬሚካሉም እየተበላ ስለሚሄድ በየጊዜው ይጨመራል። ለመዳብ ቫይታሚን ሲ ያን ያህል አይደለም። ለካልሲየም ምንም አይፈይድም።

ሲትሪክ አሲድ፦ ለመዳብ፣ ለትንሽ ቦታም

የአረንጓዴ እድፍ መድኃኒት ይሄ ነው። ለብረትም ይሠራል፤ በዋጋም ብዙ ጊዜ ከቫይታሚን ሲ ይረክሳል። ጣጣው አሲድነቱ ይበልጥ የበረታ ስለሆነ ገንዳ ሙሉ ስትጨምሩት ፒኤቹን ያወርደዋል፣ ያ ደግሞ የልስን ጠላት ነው።

እኔ ለተወሰነ ቦታ ብቻ ነው የምጠቀመው። አሮጌ የጥጥ ካልሲ ውስጥ ዱቄቱን ሞልቼ አፉን አስሬ እድፉ ላይ አስቀምጣለሁ። ግድግዳ ላይ ከሆነ እንጨት ጫፍ ላይ አስሬ እድፉ ላይ ደግፌ እይዘዋለሁ። አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አንስቶ ማየት። እንደ ፋሻ አስሮ ሌሊቱን ማሳደር አይገባም። ያሳደረ ሰው አውቃለሁ፤ እድፉ ለቀቀ፣ በምትኩ ግን የካልሲ ቅርጽ ያለው የተበላ ልስን ተረፈው።

መፋቅ፦ ለነጩ ቅርፊት

ለካልሲየም ቅርፊት ከኬሚካሉ ይልቅ ድንጋዩን እመርጣለሁ። ቀላሉ፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ተረከዝ የሚታሽበት ዓይነት። ድንጋዩም ግድግዳውም እርጥብ ይሁኑ፤ ሳትጫኑ ክብ እየሠራችሁ አሹት። ቀሪውን በውሃ በሚሠራ ባለ 400 የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይቻላል። የሚወጣው ዱቄት ገንዳው ታች ይከማቻልና በመጨረሻ ተስቦ ይውጣ።

ጉልበት ይበላል። የውሃው መስመር ላይ ያለች ስስ ቀለበት ከሆነች የአንድ ቀን ሥራ ናት። መላ ገንዳው ከተጋገረበት ግን ድንጋይ ይዛችሁ ዓመት ብትፍቁ አትጨርሱም። ያኔ የትዕግሥቱ መንገድ ይሻላል። ፒኤቹን 7.2 አካባቢ ይዞ፣ አልካሊኒቲውን (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን) በሊትር ወደ 80 ሚሊግራም አውርዶ፣ በየሳምንቱ መቦረሽ። ውሃው ቅርፊቱን ቀስ እያለ መልሶ ይበላዋል። ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈጃል። ማንም አይወደውም፤ ግን ገንዳው ሳይዘጋ፣ ሳይደፋ የሚሠራው ይህ ብቻ ነው። የልስን ገንዳ ካልሲየም በሊትር ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም መሀል ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ካለፈ የውሃውን ሩብ ወይም ሲሶ ደፍቶ ለስላሳ ውሃ መተካት ከየትኛውም ኬሚካል ይበልጣል።

የዱቄት ክሎሪን ራሱ ካልሲየም እንደሚጨምር ስንቶቻችን እናውቃለን? ቅርፊት ያስቸገረው ሰው ፈሳሽ ክሎሪን ቢጠቀም ይሻለዋል።

የአሲድ እጥበት፦ እኔ የተሳሳትኩበት

አሲዱ እድፉን አያስለቅቅም ብል ይቀላል። የሚያስለቅቀው እድፉ ያረፈበትን ልስን ነው፤ እድፉ አብሮ ይሄዳል። አንድ እጥበት እስከ አንድ ሚሊሜትር የሚጠጋ ልስን ይዞ ይወርዳል። የልስኑ ጠቅላላ ውፍረት ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ነው። ሒሳቡን ሥሩት። በየዓመቱ የሚታጠብ ገንዳ ዕድሜውን በብልቃጥ እየለካ ይደፋል።

መቼ ይመረጣል? እድፉ ያረጀና የተደራረበ ሲሆን፣ ብረቱም መዳቡም ማንጋኒዙም ሲቀላቀል፣ ክኒኑም ሲትሪኩም ሞክረው ሲያቅታቸው፣ ልስኑ ደግሞ ገና ወፍራም ሲሆን። በተለይ ማንጋኒዝ ጥቁር ሆኖ ከከረመ ሌላው ብዙም አይነካውም።

ጊዜ መምረጥ ግድ ነው። ክረምት ላይ ገንዳ አይደፋም። ከሐምሌ እስከ መስከረም መሬቱ ውሃ ይጠግባል። ወንዝ አጠገብ ያለ ገንዳ ከሥሩ የከርሰ ምድር ውሃ ይገፋዋል። ሙሉ ሳለ የራሱ ውሃ ክብደት ይይዘዋል፤ ባዶ ሲሆን ግን እንደ ጀልባ ሊነሳ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። 75 ቶን ክብደት አንስታችሁ ወሰዳችሁበት ማለት ነው። በጋ ላይ ደግሞ የቆላ ፀሐይ ባዶ ልስን ያደርቅና ይሰነጥቃል። ስለዚህ በጋ፣ ንጋት ላይ፣ በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ይሁን።

አሲዱ ሃይድሮክሎሪክ ነው። አንድ እጅ አሲድ በአራት እጅ ውሃ ጀምሩ። አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል፤ ውሃ ወደ አሲድ በፍጹም። ግድግዳው መጀመሪያ በውሃ ይርጠብ። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር እየከፈላችሁ አፍስሱ፣ ቦርሹ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ በብዙ ውሃ እጠቡ። ጭሱ ከአየር ይከብዳል፤ ገንዳ ደግሞ ጉድጓድ ነው፣ ታች ይተኛል። መነጽር፣ ረጅም ጓንት፣ ቦቲ፣ የአሲድ ጋዝ የሚያጣራ ጭምብል ያስፈልጋል። የጨርቅ ማስክ ለዚህ አይሆንም። ብቻውን ማንም አይግባ፤ አንድ ሰው ዳር ላይ ይቁም። በዚያ ቀን በረኪናና ክሎሪን ከግቢው ራቅ ብለው ይቀመጡ። ከአሲድ ጋር ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ታች የተጠራቀመው የአሲድ ውሃ እንዲሁ አይለቀቅም። ለአራት ሊትር አሲድ ከአንድ ኪሎ ጀምሮ ሶዳ አሽ (አሲድን የሚያከሽፍ ነጭ ዱቄት) ይጨመርበት፣ ፒኤቹ ወደ 7 ሲመለስ ይወገድ። ሸዋሮቢት ዙሪያ ቦዩ ሁሉ ወደ ሽንኩርትና ማሾ ማሳ ነው የሚሄደው። የሰው ማሳ አቃጥሎ ነጭ ገንዳ ምን ያደርጋል?

አዲስ ልስን

ልስኑ ከተቦረቦረ፣ ሲሚንቶው ከሥር ከታየ፣ በእጅ ሲነኩት የሚረግፍ ከሆነ ስለ እድፍ ማውራቱ ይቅር። በነጭ ሲሚንቶና በእብነ በረድ ዱቄት እንደገና ይለሰን። ከሁሉም ውድ ነው። ዋጋ አልጽፍም፤ ይህን እስክታነቡ ተለውጦ ይጠብቃችኋል። አዲስ ልስን የመጀመሪያውን አንድ ወር ሲጠነክር ስለሚቆይ በዚያ ወር ያረፈበት እድፍ ከሁሉ ይብሳል። ስለዚህ በብረት ውሃ የሚሞላ ሰው አዲስ ልስን ከማስለሰኑ በፊት ውሃውን ያስተካክል።

ውሃው ካልተስተካከለ ምርጫው ሁሉ ከንቱ ነው

የእኔ ስሕተት ከአሲዱ ይልቅ እዚህ ላይ ነበር። የጋሼ ጉድጓድ ውሃ ሲቀዳ እንደ ዕንባ የጠራ ነው። የሟሟ ብረት አይታይም። ክሎሪን ሲያገኘው ነው የሚዝገው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንደሚባለው፣ ጥራቱ አታለለኝ።

አሁን የማደርገው ፈተና ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። ነጭ ባልዲ ውስጥ 10 ሊትር የሚሞላውን ውሃ ቀዱ። አንድ ክዳን በረኪና ጨምሩ፣ አማስሉት። ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ሻይ ከመሰለ ብረት አለ። ለማንጋኒዝ ሌሊቱን ይደር፤ እሱ ቀርፋፋ ነው፣ ጠዋት ታች ጥቁር ዝቃጭ ታገኛላችሁ። ለመጠጥ ውሃ እንኳ በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም ያለፈ ብረት ጣዕም ያበላሻል፣ ልብስ ያሳድፋል ይባላል። ለነጭ ልስን ከዚያ ያነሰውም ሲጠራቀም ያስቸግራል።

ብረት ከተገኘ ውሃው ገንዳ ከመግባቱ በፊት ይዛግ። ጋሼ ጋ የሠራነው ቀላል ነው። ሁለት ሮቶ ከፍ አድርገን ሰቀልን። ውሃው ከላይ በቀዳዳ ቱቦ እንደ ዝናብ እየተረጨ ይገባል፤ አየር ያገኛል። ትንሽ ክሎሪን ይጨመርበታል፣ ያድራል። ዝገቱ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለው ብቻ ወደ ገንዳው ይወርዳል። የሮቶው ታች በየሳምንቱ ሲከፈት የሚወጣው ጭቃ መሰል ቀይ ነገር ግድግዳው ላይ ሊለጠፍ የነበረው ነው። ማንጋኒዝ ግን በአየር ብቻ አይሸነፍም፤ ለእሱ ልዩ ማጣሪያ መግዛት ወይም ውሃውን ከሌላ ቦታ በቦቴ ማስመጣት ነው።

እኔ ብሆን

ቡናማ ሆኖ ክኒን የሚያስለቅቀው ከሆነ ቫይታሚን ሲ፣ ከዚያ ሮቶ። ሁለተኛውን ሳይሠሩ የመጀመሪያውን መሥራት ለሻጭ መሥራት ነው። አረንጓዴ ከሆነ ማሞቂያውን አስተካክዬ፣ ፒኤቹን ከፍ አድርጌ፣ ካልሲ ሙሉ ሲትሪክ። ነጭ ቀለበት ከሆነ ድንጋይና ጉልበት። ያረጀ፣ የተደራረበ ጥቁር ከሆነ አሲድ፣ እሱም በጋ ላይና አንዴ ብቻ። እንግዳ ነገ ይመጣል ተብሎ በአንድ ቀን ነጭ እንዲሆን ለሚፈለግ ገንዳ እኔ አሁን እጄን አላስገባም። ሌላ ሰው ፈልጉ እላለሁ።

ጋሼ አሁን ነጭ ባልዲ በር ላይ አስቀምጠዋል። ባለፈው የጉድጓዱ ፓምፕ ተቃጥሎ ውሃ በቦቴ ሲያስመጡ እዚያው ነበርኩ። ሾፌሩ ቱቦውን ሊዘረጋ ሲል ዘበኛው ባልዲውን አቀረበለት።

"ምንድን ነው ይሄ? ሰዓት የለኝም እኮ" አለ ሾፌሩ።

"ሩብ ሰዓት ብቻ ነው፣ ወንድሜ። ቡና ጠጣ" አለው ዘበኛው፣ በረኪናውን በክዳን እየለካ።

ሾፌሩ ስኒውን አስቀምጦ መጣና ሁለቱም ባልዲው ላይ አጎነበሱ። ውሃው እንደጠራ ነበር። ቱቦው ተለቀቀ።